ዛፉ መንገድ የተሻገረ ዕለት

ያንን ዛፍ አልወደውም ነበር። ለምን ብትሉኝ፣ ሰዎቼን ይወስድብኝ ነበር።

እኔ የማዘጋጃ ቤት አትክልተኛ ነኝ። መንገድ ዳር ያለችውን ትንሿን መናፈሻ የምንይዘው እኔና ሦስት ሴቶች ነን። ሣሩን እናጭዳለን፣ ቆሻሻውን እንለቅማለን፣ ችግኙን እንኮተኩታለን፣ ወንበሮቹን እንወለውላለን። እንወለውላለን ስላችሁ የሚቀመጥባቸው ሰው ኖሮ እንዳይመስላችሁ፤ ከአቧራ በቀር ማንም አይቀመጥባቸውም። የተከልናቸው ችግኞች ገና የመጥረጊያ እንጨት ያህላሉ። ድመት ጥላቸው ሥር ብትተኛ ጅራቷ ፀሐይ ላይ ይቀራል።

ዛፉ ከመንገዱ ማዶ፣ ባለሱቁ በር ላይ ነበር። ትልቅ ጃካራንዳ ነው። ቅርንጫፉን እንደ ጃንጥላ ዘርግቶ የሰፈሩን ሰው በሙሉ ሥሩ ሰብስቦ ያውላል። አንዱ የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ፣ አንዱ ድንጋይ አስጠግቶ፣ አንዱ አሮጌ ጎማ ላይ ተዘርፍጦ፣ እግረኛው ማለፊያ አጥቶ አስፋልት ላይ ይወርዳል። እኔ እዚህ ማዶ፣ ከወለወልኩት ወንበር አጠገብ መጥረጊያዬን ተደግፌ አያቸዋለሁ።

"ኧረ እዚህ ኑ ተቀመጡ! ወንበር አለ፣ መደገፊያ አለ!" እላለሁ።

"ወንበርሽ ላይ እንቁላል ይጠበሳል!" ይሉኛል። ከዚያ ያሽካካሉ።

ከሁሉም የሚያበሽቁኝ እማማ ነበሩ። ከዛፉ ጀርባ ያለው ቤት የሳቸው ነው፤ ትልቁም ትንሹም "እማማ" ነው የሚላቸው። "ልጄ፣ አንዱን ወንበር ተሸክመሽ ነይና ከኛ ጋር ተቀመጪ እንጂ፣ ምን ብቻሽን ያደርቅሻል?" ይሉኝ ነበር። ደግነታቸው ነው። ግን አንጀቴ ያርራል።

አንድ ጠዋት አለቃችን መጣች። ወጣት ናት፤ የተማረች ናት፤ ግን ትምህርቷ አፍንጫዋ ላይ አልወጣም። ጭቃ ጫማዋን ሲነካው የማትጮህ አለቃ ስላገኘሁ ፈጣሪን አመሰግናለሁ። ያን ቀን ግን ፊቷ ጥሩ አልነበረም።

"እትዬ፣ ሁለት ወሬ ይዣለሁ። ሁለቱም አይጥምሽም።"

"በመራራው ጀምሪ።"

"ሁለቱም መራራ ነው። መናፈሻው የመኪና ማቆሚያ ይሁን እየተባለ ነው። ከማዘጋጃ ቤት ሊያዩት በመጡ ቁጥር ባዶ ነው። ሰው የማይቀመጥበት መናፈሻ ለምን እናጠጣለን አሉ።"

"ሁለተኛውስ?"

"ማዶ የጎርፍ ቦይ ሊቆፈር ነው። ዛፉ መስመሩ ላይ ስለሆነ ይቆረጣል።"

ሌላ ሰው ቢሆን ቁጭ ብሎ ያለቅስ ነበር። እኔ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ማዶ ያለውን ዛፍ አየሁ። ዞሬ ባዶውን መናፈሻዬን አየሁ። እንደገና ዛፉን አየሁ።

"ይሻገር" አልኩ።

"ማን?"

"ዛፉ ነዋ! ነቅለን እዚህ እንትከለው። ሰዉ የወደደው ዛፉን ነው እንጂ የባለሱቁን በር አይደለም። ዛፉ ከመጣ ሰዉም ተከትሎ ይመጣል።"

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። እናቴ በልጅነቴ "ይቺ ልጅ ከግድግዳ ጋር ብትጋጭ ይቅርታ የሚጠይቀው ግድግዳው ነው" ትል ነበር። አለቃዬም ፊቴን አየችና ሳቋን ዋጥ አደረገች። ተሻግራ ዛፉን ዞር ዞር ብላ አየችው፤ በክንዷ አቀፈችው፤ ወደ ላይ አንጋጠጠች። ከዚያ ወደ ቢሮዋ ሄደች።

ስትመለስ የለመነቻቸው ሰዎች ሁሉ ድካም ፊቷ ላይ ነበር።

"ፈቅደዋል። ግን ክሬኑ የተሰጠን ለአንድ ጠዋት ነው። በዚያው ቀን ቀትር ላይ ቦይ ቆፋሪው ማሽን ይመጣል። እስከዚያ ዛፉ ከተሻገረ መናፈሻው አንድ ዕድል ይሰጠዋል፤ መጥተው አይተው ይወስናሉ። ካልተሻገረ ግን ዛፉም በመጋዝ ይወርዳል፣ መናፈሻውም መኪና ይቆምበታል።"

"በቃ፣ አለቀ" አልኳት። አላለቀም ነበር፤ ገና መጀመራችን ነው።

አነቃቀሉን ያስተማረችን እሷ ናት። እኔማ እንደ ሽንኩርት የሚመዘዝ መስሎኝ ነበር። ከግንዱ ራቅ ብለን ዙሪያውን እንድንቆፍር፣ ያገኘነውን ሥር ሳንበጣጥስ በንጹሕ እንድንቆርጥ፣ መሃል ላይ ያለውን አፈር እንደ ትልቅ ድስት አድርገን ሳንነካው እንድንተወው አሳየችን። "ዛፉ የሚሄደው ከነጓዙ ነው" አለች። "ጓዙ ይህ አፈር ነው። አፈሩ ከፈረሰ ዛፉ ሞተ በሉ።" ቆፍረን ለቀቅ አድርገን ተውነው፤ ከተቆረጠው ሥር ጫፍ ጢም የመሰሉ ቀጫጭን ሥሮች እስኪያበቅል ጠበቅነው። ከኔ ጋር ከሚሠሩት አንዷ፣ ሳቂታዋ፣ ጢሙን ስታይ "አሁን ገና ወንድ ሆነ!" ብላ እጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጣ ሳቀች።

ያን ሰሞን እማማ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡብኝ።

"እውነቱን ንገሪኝ። ልትቆርጡት ነው አይደል?"

"እማማ ይሙቱ፣ አንዲት ቅርንጫፍ አትነካም! እኔ እያለሁ መጋዝ አይደርስበትም!" አልኳቸው። ማን ማዪ አለኝ? ምላሴ ነው።

አፈሩን የምንጠቀልልበት ጆንያ አስፈለገን። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሸራ ሰፊ ነው፤ ጆንያውን ሰብስቤ እፊቱ ከመርኩለት።

"ይህን አንድ አድርገህ ስፋልኝ።"

"ለማን?"

"ለዛፉ።"

መርፌውን አስቀምጦ አየኝ። "ቀሚስ ስፋልኝ ስትዪኝ እኔ ሸራ ሰፊ ነኝ እያልኩ ኖሬ፣ በስተርጅና ለዛፍ ሱሪ ልስፋ?"

"ሱሪ አይደለም፣ ቀሚስ ነው። ወገቡ ደግሞ ሰፋ ይበል።"

"ወገቡንስ ለክተሽልኛል?" እያለ እያጉረመረመ ሰፋው። ግን ስፌቱን ሁለቴ ደርቦ፣ ጠርዙን አጥፎ፣ ለራሱ ደንበኛ እንደሚሰፋው አድርጎ ነበር።

ባለመጋዙንም ያወቅሁት ያኔ ነው። ዛፍ ቆራጭ ነው፤ ሥራው ከተበላሸ የሚጠራው እሱ ነው። ሰውዬው ግን እስኪጠራ አልጠበቀም። እየመጣ፣ መጋዙን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ከዚያው ዛፍ ሥር ሣጥን ላይ ይቀመጣል።

"እዚህ ምን ትሠራለህ?" አልኩት።

"ጥላው ሳያልቅ ልጠቀምበት ብዬ።"

"ጥላው አያልቅም!"

"አትድከሚ እህቴ። እኔ ጋ ሲደርስ ቆንጆ አድርጌ እፈልጥልሻለሁ፤ ለቤትሽም ትወስጃለሽ።"

"አንተን ነው ፈልጬ የምወስደው!"

ይስቃል። ከሣጥኑ ላይ ግን አይነሳም።

ቀኑ ደረሰ። ክሬኑ አስፋልቱ መሃል እግሩን አንፈራጦ ቆመ። ነጂው አጭር፣ ዝምተኛ፣ ከአፉ ስንጥር የማይለየው ሰው ነው። ወፍራሙን የማንሻ ቀበቶ በቀሚሱ ሥር አሳለፍን፤ አለቃችን እያንዳንዱን ቋጠሮ በእጇ ጎትታ አየች። ሰፈሩ በሙሉ ወጥቷል። ባለሱቁ ሱቁን ዘግቷል። እማማ የክት ነጠላቸውን ለብሰዋል። ባለቤቴ "ስፌቱን ላይ ነው እንጂ ሌላ ነገር ልሠራ አይደለም" እያለ ከፊት ቆሟል።

"አንሳ!" አለች አለቃችን።

ክሬኑ አጓራ። ቀበቶው ተወጠረ። ዛፉ ነቅነቅ አለ፤ ቅጠሉ ተንሿሿ። ወዲያው ከነጂው ክፍል ውስጥ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ወጣ፤ ቀይ መብራት በራ። ነጂው ለቀቀው።

"ይከብዳል!" ብሎ አንገቱን በመስኮት አወጣ። "የነገራችሁኝ ክብደት ይህ አይደለም።"

"እንደገና ሞክር" አልኩት።

"ሴትዮ፣ ይህ ማሽን እምቢ ካለ እምቢ ነው። ብጎትተው እኔም ዛፉም አንቺ ላይ ነው የምንወድቀው።"

እጉድጓዱ ውስጥ ወርጄ ጆንያውን ዳሰስኩ። እርጥብ ነው። ጨመቅሁት፤ በጣቶቼ መሃል ውሃ ተንቆረቆረ። አለቃችን የመጨረሻውን ሰሞን ውሃ አታስነኩት፣ አፈሩ ከራሰ ይከብዳል፣ ይፈርሳልም ብላን ነበር። እኛም አልነካነውም።

"ማነው ያጠጣው?" ብዬ ጮህኩ።

እማማ ሰዉን በምርኩዛቸው ከፍለው ወጡ። አልፈሩም፤ እንዲያውም ኮራ ብለዋል።

"እኔ ነኝ። መንገደኛ ጠምቶት ይወጣል? አንዲት ባልዲ ናት፤ ለስንቅ።"

"እኔም…" አለ ባለሱቁ፣ "አንድ ጀሪካን ብቻ።"

"እኛም እኮ እማማ ይረሱት ይሆናል ብለን…"

"እኔ ደግሞ የነሱን አላየሁም፣ ማንም ያላሰበለት መስሎኝ…"

ከዚህም ከዚያም ባልዲ፣ ሳፋ፣ ጀሪካን ይቆጠር ጀመር። ሰፈሩ በሙሉ፣ እያንዳንዱ እኔ ብቻ ነኝ ያዘንኩለት እያለ፣ ሌላውን ሳያይ አጠጥቶታል! ባለቤቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ዞሬ አየሁት።

"አንተም?"

"ትንሽ ናት። ቀሚሱ እንዳይቀደድ ላለስልሰው ብዬ ነው።"

ሳቂታዋ እንኳ ያን ጊዜ አልሳቀችም። ውሃ አታስነኩ የተባልነው እኛ ነን፤ ለሰፈሩ የነገረ የለም። ደግሞስ ማን ይጠረጥራል? ዕድሜ ልካቸውን ሥሩ ሲቀመጡ አንድ ኩባያ ያቀመሰው የለም! ሊሄድባቸው ሲሆን ነው የጠማው የመሰላቸው።

"እንግዲህ ከታች ቀንሱ ወይ ከላይ ቀንሱ" አለ ነጂው። "ካልሆነ ልሂድ።"

"ከታች አይሆንም" አለች አለቃችን። "አፈሩ ላልቷል፤ ከነካነው ይበተናል።"

ሁላችንም ወደ ላይ አየን። እኔ ግን ምዬ ነበር።

ባለመጋዙ ከሣጥኑ ተነሳ። ሱሪውን አራገፈ። ጨርቁን ከመጋዙ ላይ ፈታ።

"ቁጭ በል!" አልኩት። "ቀትር አልሆነም።"

"አውቃለሁ። በሱቁ በኩል የወጣው ያ ትልቁ ይታይሻል? እሱ ብቻውን አንድ ዛፍ ነው። ዛፉም ወደሱ ነው የሚያጋድለው። እሱን ባወርደው ይቀልላል፣ ሲነሳም ቀጥ ይላል።"

"አንተ አንዴ ከጀመርክ መቼ ታቆማለህ?"

ያን ጊዜ ተቆጣ። እስከዚያ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም።

"ስሚ እህቴ! ግንበኛው ያ የኔ ቤት ነው ይላል። አናጢው ያ የኔ በር ነው ይላል። ባልሽ እንኳ በሚያልፍ መኪና ሁሉ ላይ ሸራውን ያሳያል። እኔ ምን አሳያለሁ? ጉቶ? እስቲ አንድ ቀን እንኳ ቆርጬው ቆሞ የቀረ ዛፍ ይኑረኝ!"

እኔ ግን ወይ ፍንክች። መንገዱ ጫፍ ላይ የቆፋሪው ማሽን ድምፅ ተሰማ። ከቀትር በፊት መጥቷል። ብረቱ አስፋልቱ ላይ ሲንኳኳ ደረቴ ውስጥ ነበር የሚንኳኳው። አለቃዬ አየችኝ፤ ፍቀጂም አትፍቀጂም አላለችኝም። እማማ ቀስ ብለው መጥተው ክንዴን ያዙኝ።

"ልጄ፣ መሐላሽ የኔ ነው አይደል? ይኸው መለስኩልሽ። እኔም የፊት ጥርሴን ያስነቀልኩት ሌላው እንዳይሄድብኝ ነው።" አፋቸውን ከፍተው አሳዩኝ።

ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳላስበው ሳቅሁ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ብቆም የሚጠፋው ዛፉም መናፈሻውም ነበር።

"ውጣ" አልኩት ባለመጋዙን። "ግን እዚህ ሥር ቆሜ ነው የማይህ። ከዚያችኛዋ ሌላ አንዲት ብትነካ መሰላሉን እወስደዋለሁ።"

"እላይ ልታስቀሪኝ?"

"ከዛፉ ጋር አሻግርሃለሁ!"

ወጣ። ቅርንጫፉን በገመድ አሰረ፤ ወንዶቹ ገመዱን ከታች ያዙ። መጀመሪያ ከሥር በኩል ጥቂት ገዘገዘ፣ ሲወድቅ የግንዱን ልጥ ይዞ እንዳይወርድ ነው፤ ከዚያ ከላይ። እጁ አይቸኩልም። እንደዚያ ቀስ ብሎ የሚቆርጥ ሰው አይቼ አላውቅም። ቅርንጫፉ ሲለቅ ወንዶቹ ገመዱን እያላሉ እንደ ሕፃን አስተኙት። ባለመጋዙ ከላይ ሆኖ መጋዙን ወደኔ አውለበለበ። ሌላ እንዳልነካሁ ቁጠሪ ማለቱ ነው። ቆጠርኩ።

"አንሳ!"

ክሬኑ አጓራ። ቀበቶው ተወጠረ። ሁላችንም የጠበቅነው ያንን ጩኸት ነበር። አልጮኸም። ከመሬት ውስጥ እንደ ትልቅ ትንፋሽ ያለ ድምፅ ወጣ፤ ቀሚሱ ከጉድጓዱ ተላቀቀ፤ ዛፉ ተነሳ!

ዛፍ ከመሬት ሲነሳ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አያምርም፤ ያስፈራል። ተራራ የሚሄድ ይመስላል። ከቀሚሱ የሰፈሩ ውሃ ሁሉ እየተንጠባጠበ፣ ቅጠሉ እየተርገፈገፈ፣ ባለቤቴ "ስፌቱ! ስፌቱን አየሽው? አንዲት ክር አልተተረተረም!" እያለ እየጮኸ፣ ዛፉ ቀስ ብሎ ወደ አስፋልቱ ዞረ። ጥላው መንገዱን መጥረግ ጀመረ። ያን ጊዜ የሆነውን ማንም አላዘዘም፤ ሰዉ ጥላውን እየተከተለ መሻገር ጀመረ። አለቃችን "ራቁ! ከሥሩ ራቁ!" ብላ ጉሮሮዋ እስኪዘጋ ጮኸች። ራቁ፣ ግን ተሻገሩ። አንዱ ሣጥኑን፣ አንዱ ጎማውን ተሸክሟል። የቆፋሪውን ማሽን የሚነዳው ሰውዬ መንገዱ መሃል ቆሞ ጡሩምባውን እንደ ሠርግ አጀቢ አንባረቀው።

ጉድጓዱ እመናፈሻዬ መሃል ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። "ወደ ግራ! ወደኔ! ትንሽ አዙረው!" ስትል አለቃችን፣ የክሬኑ ነጂ ስንጥሩን ነክሶ፣ ዛፉን እንደ ዕቃ ሳይሆን እንደ በሽተኛ አስቀመጠው። ከዚያ አካፋ ያለው በአካፋ፣ የሌለው በእጁ አፈር መለሰ። እማማ በምርኩዛቸው ገፉ። በሦስት ገመድ ወጥረን አሰርነው። እኔ ግንዱን በመዳፌ መታ መታ አደረግሁት፣ አንዲት ቃል ልናገር ፈልጌ አፌ ተሳሰረ። እኔ! ስለዚህ ለማሽኑ ሰውዬ ጮህኩለት፦

"እለፍ! ማዶው ያንተ ነው!"

የቀረው ነገር ያን ቀን ያህል አይወራለትም፤ ግን ልንገራችሁ። ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። ረገፈ። "ደንግጦ ነው፤ ጠብቁት" አለች አለቃችን። ባዶ ቅርንጫፉን ዘርግቶ ቆመ። ጥላ የሚባል ነገር የለም፤ ወንበሩ እንደ ድሮው እንቁላል ይጠብሳል። እኔም በልቤ፣ በቃ ተመልሰው ማዶ ይሄዱብኛል አልኩ።

አልሄዱም። ጠዋት ጠዋት እየመጡ "እንዴት አደረ?" ይሉኛል። አንዱ ልጡን በጥፍሩ ጫር አድርጎ አረንጓዴነቱን ያያል፤ ባለሱቁ ለተቆረጠበት ቁስል ያዝናል፤ ባለመጋዙ ደግሞ ለሚያልፍ ሰው ሁሉ "ያቺን የቆረጥኳት እኔ ነኝ" ይላል። በሽተኛ የሚጠይቁ ይመስሉ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ከለከልኳቸው፦ ባልዲ ይዞ የመጣ ወዮለት።

ሊወስኑ የሚመጡት ሰዎች የመጡት በዚያ ሰሞን ነው፣ ፀሐዩ ሲከርር፣ ዛፉ አንዲት ቅጠል ሳይኖረው። ወንበሮቹ በሙሉ ተይዘዋል። እማማ ጃንጥላ ይዘው ተቀምጠዋል። ከሰዎቹ ታላቅየው ላቡን እየጠረገ ዛፉን አየ፣ ሰዉን አየ።

"ጥላ የለውም እኮ" አለ። "ለምን ፀሐይ ላይ ትቀመጣላችሁ?"

"ታሞ ጥለነው እንሂድ?" አሉት እማማ። ቅር ያለው ሰው አነጋገር ነበር፤ ሰውዬው ይቅርታ ጠየቀ።

ማረፊያ ፈልጎ ዞር ዞር አለ። አንድም ሰው አልተነሳለትም። እኔም ተነሱለት አላልኩም።

"መቀመጫ የለም እንዴ?" አለኝ።

"ጌታዬ፣ ወንበር ጨምሩልና!" አልኩት። ሳቂታዋ መጥረጊያዋን ጥላ ሳቀች።

ሳምንት ሳይሞላ አለቃዬ እየሮጠች መጣች። መናፈሻው መናፈሻ ሆኖ ይቀራል፤ ወንበርም ይጨመርለታል። ከመጣችበት ሩጫ ሳትገታ አቀፈችኝ፤ ጭቃ በጭቃ አደረግኋት።

ቡቃያው የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለውሳኔው አልደረሰም፣ አላስፈለገምም። ከተቆረጠው ቅርንጫፍ ቁስል አጠገብ አንዲት የጥፍር ያህል አረንጓዴ ብቅ አለች። መጀመሪያ ያየኋት እኔ ነኝ። ባለመጋዙ እኔ ነኝ ያየሁት ይላል። ይዋሻል።